ያረጀው ፈረስ በማን አማና ነው?



ለአላህ (ሱ.ወ) ምስጋና፣ ለነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ ለቤተሰቦቻቸውና ለሰሃቦቻቸው ሰላትና ሰላም ይድረስና፣ የዛሬው ጽሑፋችን ስለ ፈረስ ነው። ከወገኖቻችን መካከል «ስንት የሰው ችግር እያለ ስለ ፈረስ?» የሚል እንደሚኖር እናውቃለን። ጥያቄው የሚናቅ ስላልሆነ ወደ መጨረሻው እንመለስበታለን። በቅድሚያ ግን ነገሩን እንየው።

ከወረታ ሽቅብ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣውን፣ ወይም በጣራ ገዳም ግርጌ አልፎ ወደ አዲስ ዘመን የሚዘልቀውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ይህን ማየቱ አይቀርም። ጀርባው የገጠበ፣ የጎድን አጥንቱ የሚቆጠር፣ አንድ እግሩን ከመሬት አንስቶ የቆመ ፈረስ በአስፋልቱ ዳር ይታያል። ልጓም የለውም፣ ገመድም የለውም። መኪና ጥሩምባ ቢነፋበትም አይነቃነቅም። በክረምት ከጉና ተራራ የሚወርደው ብርድና ዝናብ ሌሊቱን ሙሉ ይወርድበታል። ብርዱ ካልጨረሰው ጅብ ይጨርሰዋል።

ይህ ፈረስ ባለቤት ያልነበረው አይደለም። ለዓመታት ጋሪ ሲጎትት፣ እህል ወደ ወፍጮ ቤት፣ ሲሚንቶና ብሎኬት ወደ ግንባታ ቦታ፣ መንገደኛ ወደ መናኸሪያ ሲያመላልስ ኖሯል። በእርሱ ላብ ልጆች በልተዋል፣ ተምረዋል። ከዚያም ጥርሱ አለቀ፣ እግሩ ሰነፈ፣ ጠባዩም ከፋ። ሲጠምዱት ይነክሳል፣ ሲቀርቡት ይራገጣል፣ ባጃጅ ሲያይ ይደነብራል። ባለቤቱ በፊቱ አራት መንገድ ነበረው። እየቀለበ ማቆየት፣ ለሌላ ሰው መስጠት ወይም መሸጥ፣ ከሥቃዩ መገላገል፣ ወይም ገመዱን ፈትቶ ጎዳና ላይ መልቀቅ። በየከተማችን ዳርቻ የምናያቸው ፈረሶች የሚመሰክሩት፣ ብዙዎች አራተኛውን እንደሚመርጡ ነው።

እንግዲህ የዛሬው ጥያቄያችን ይህ ነው። ከነዚህ አራት መንገዶች የትኛው ነው አላህ ዘንድ የሚያስጠይቀን? የትኛውስ ነው ነፃ የሚያወጣን?

የክብር ስምና የጎዳና ሞት

የደቡብ ጎንደር ደጋ የፈረስ አገር ነው። ደብረ ታቦርን የመሠረቱት ራስ ጉግሳ መርሳ ከየጁ መሳፍንት ወገን ነበሩ። የዘር ግንዳቸው ከሙስሊም ቤተሰብ የሚመዘዘው እነዚህ መሳፍንት በጎንደር ነገሥታት ላይ የበላይ ሆነው ለዓመታት የቆዩት በፈረሰኛ ጦራቸው ብርታት ነው። እ.ኤ.አ. በ1842 ራስ ዓሊና ደጃዝማች ውቤ የተጋጠሙትም እዚያው ደብረ ታቦር ላይ ነበር። በሀገራችን ታላላቅ ሰዎች ሲወደሱ የሚጠሩት በፈረሳቸው ስም ነው። ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ዮሐንስ «አባ በዝብዝ»፣ ምኒልክ «አባ ዳኘው» ተብለዋል። በአዊ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ዛሬም በየዓመቱ በዓሉን ያከብራል።

እኛ ሙስሊሞችም ከዚህ ታሪክ ውጪ አይደለንም። በይፋግ ገበያና በደሪጣ መንደር የነበሩት ሙስሊም ነጋዴዎች ኑሯቸው የተመሠረተው በበቅሎና በአህያ ጀርባ ላይ ነበር። አሞሌ ጨው፣ ቡናና ሸማ ሸክፎ ሽቅብ ቁልቁል የሚወርደው ሲራራ ነጋዴ፣ ያለ ጋማ ከብት አንድ ቀን አይንቀሳቀስም ነበር። የአባቶቻችን ሀላል ሪዝቅ በእነዚህ እንስሳት እግር ተጉዞ ነው ቤታቸው የገባው።

ታዲያ የፈረሱን ስም ለንጉሥ ማዕረግ የሰጠ ሕዝብ፣ ፈረሱ ራሱ ሲያረጅ ለጅብ የሚሰጠው ለምንድን ነው?

ቁርኣናችን ስለ ፈረስ ዝም አላለም። በሱረቱ-ን-ነሕል ፈረስን፣ በቅሎንና አህያን ልንጋልባቸውና ሊያስጌጡን እንደፈጠረልን አላህ (ሱ.ወ) ይነግረናል። በሱረቱል ዓዲያት ደግሞ በሚገሰግሱ ፈረሶች ይምላል። በዚያው ሱራ ከመሐላው በኋላ የሚመጣው ወቀሳ ግን ለሰው ልጅ ነው፤ ሰው ለጌታው ውለታ ቢስ መሆኑን ያወሳል። በርካታ ሙፈሲሮች እዚህ ላይ ቆም ብለው አስተንትነዋል። ፈረሱ ለጌታው ሲል አቧራ እያስነሳ ይሮጣል፤ ሰው ግን ለጌታው ያን ያህል አይታመንም። በሱረቱል አንዓም እንስሳት እንደኛው ሕዝቦች መሆናቸው ተነግሮናል። ሕዝብ የሆነ ነገር ደግሞ ሐቅ አለው።

ሐቁ በእርጅና አይቋረጥም

አንዳንድ ሰው የእንስሳ ሐቅ በሥራው ልክ ነው ብሎ ያስባል። ሲሠራ ይበላል፣ ሥራ ሲያቆም ቀለቡም ይቆማል። ይህ የነጋዴ ሒሳብ ሊሆን ይችላል፤ የሸሪዓ ሒሳብ ግን አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1262 ያረፉት ታላቁ የሻፊዒ ዓሊም ዒዝ ኢብኑ ዐብዱሰላም፣ «ቀዋዒዱል አሕካም» በተሰኘው መጽሐፋቸው እንስሳት በሰው ላይ ያላቸውን ሐቅ ሲዘረዝሩ፣ በመጀመሪያ ያስቀመጡት ቀለብን ነው። ያንንም በሥራ አልወሰኑትም። እንስሳው አርጅቶ ወይም ታሞ አንዳች ጥቅም የማይሰጥ ቢሆን እንኳ ቀለቡ በባለቤቱ ላይ ግዴታ ነው ብለዋል። ከአቅሙ በላይ አለመጫን፣ ከሚያስቸግረው ነገር ጋር አንድ ላይ አለማሰር፣ ሲታረድም በደንብ ማረድ ከዝርዝሩ ውስጥ ናቸው። ይህ የተጻፈው ከሰባት መቶ ሃምሳ ዓመት በፊት ነው። ያኔ የእንስሳት መብት ማኅበር የሚባል ነገር በዓለም ላይ አልነበረም።

መሠረቱ ደግሞ የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ፈለግ ነው። ዐብዱላህ ኢብኑ ጀዕፈር (ረ.ዐ) ባስተላለፉትና አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ አንድ አንሷሪ አትክልት ቦታ ሲገቡ ግመል አይቷቸው አለቀሰ። እርሳቸውም አባብሰው ዝም ካሰኙት በኋላ ባለቤቱን አስጠሩት። ግመሉ በረሃብና በድካም እንደምትጎዳው ነግሮኛል ብለው፣ አላህ በሰጠው እንስሳ ጉዳይ አላህን እንዲፈራ አስጠነቀቁት።

ከጃቢር (ረ.ዐ) ተላልፎ ዳሪሚ የዘገቡት ሌላ ሐዲስም አለ። ዑለማዎች በሰነዱ ላይ የተነጋገሩበት ቢሆንም ትርጉሙ ከላይ ካየነው ጋር ይስማማል፤ ለርእሳችንም ቅርብ ነው። ሃያ ዓመት ውሃ ሲቀዳበት የኖረን ግመል ባለቤቶቹ አርደው ሊከፋፈሉት ሲሉ አመለጣቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልግዛችሁ አሏቸው። ያንተው ይሁን ባሏቸውም ጊዜ፣ እንግዲያውስ ቀኑ እስኪደርስ ድረስ መልካም አድርጉለት አሏቸው። ግመል መታረዱ ሀላል መሆኑን ማንም አይጠራጠርም። ሆኖም ሃያ ዓመት ያገለገለ እንስሳ ከሀላልነቱ በላይ ሌላ ነገር እንደሚገባው አስተማሩ። ይህም ኢሕሳን ይባላል።

«አስቸጋሪ» የምንለው ማንን ነው?

«እሺ፣ ማርጀቱስ ማርጀት ነው፤ ይኸኛው ግን ክፉ ነው፣ ሰው ይጎዳል» ይባላል። እዚህ ላይ ሰከን ብለን እናስብ።

የፈረስ ጥርስ በዕድሜ ልክ እየተፋቀ ያልቃል። እኩል ሳያልቅ ሲቀር ጠርዙ እየሾለ ጉንጩንና ምላሱን ይቆርጠዋል። እንዲህ ያለ ፈረስ ልጓም ሲያገቡለት ቢነክስ ምን ይገርማል? ጭድ አላምጦ መዋጥ ስለማይችል ከአፉ ይወድቅበታል፤ ይከሳል፤ እኛም «በላተኛ ሆኖ አይሰባም» እንለዋለን። ጀርባው የገጠበ ፈረስ መጣመጃ ሲጫንበት ቢራገጥ፣ ሕመሙን የሚናገርበት ሌላ አፍ ስለሌለው ነው። ዓይኑ የደከመ ፈረስ በጎኑ በድንገት የሚያልፍን ባጃጅ ቢደነብር ከክፋት አይደለም። በአብዛኛው ጠባዩ ከፋ የምንለው ፈረስ ሕመምተኛ ፈረስ ነው። የእንስሳት ሐኪም ጥርሱን ሞርዶ፣ ቁስሉን አክሞ፣ ሰኮናውን አስተካክሎ ጠባዩን የመለሰለት ፈረስ ጥቂት አይደለም። በውሃ የራሰ ፉሩሽካም ጥርስ ላለቀ ፈረስ ከደረቅ ጭድ ይሻለዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ገራም የነበረ ፈረስ በድንገት የሚነክስ፣ ምራቁ የሚዝረበረብ፣ መዋጥ የሚያቅተው ከሆነ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ስለሚችል፣ ማንም እጁን ወደ አፉ ሳያስገባ በአስቸኳይ ሐኪም ይጠራ።

እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) አስቸጋሪ ግመል ላይ ተቀምጠው ወዲያና ወዲህ ሲጎትቱት፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገርነት እንዲይዙት እንደመከሯቸው ሙስሊም ዘግበዋል። ልብ በሉ፣ ወገኖች! ግመሉ አስቸጋሪ እንደነበር በዘገባው ውስጥ አለ። ምክሩ የመጣው ግን ለግመሉ ሳይሆን ለተቀመጡበት ሰው ነው። እንዲሁም አንዲት ሴት በመንገድ ላይ ግመሏን ስትረግም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰምተው ጭነቱ እንዲወርድና ግመሏ እንድትለቀቅ አዘዋል። የተረገመ እንስሳ አብሯቸው እንዳይጓዝ ነው። በየጋሪው ላይ ከንጋት እስከ ምሽት በፈረሱ ላይ የሚወርደውን እርግማን ስንሰማ፣ ይህን ሐዲስ ብናስታውስ ኖሮ ስንቱ ጋሪ ቆሞ በቀረ ነበር!

ሦስት በሮችና አንድ ገደል

የፊቅህ ሊቃውንት የእንስሳውን ቀለብ መቻል ያቃተው ወይም እምቢ ያለ ባለቤት ምን ይደረግ ለሚለው መልስ ሰጥተዋል። ቀለቡን ይስጥ፤ ካልሆነ ይሽጥ ወይም ያከራይ፤ የሚበላ እንስሳ ከሆነ ይረድ። እምቢ ካለ ዳኛ ያስገድደዋል። ይህን ኢብኑ ቁዳማን የመሳሰሉ ታላላቅ ዑለማዎች ጽፈውታል። በዚህ መሠረት በፊታችን ያሉትን በሮች እንያቸው።

1ኛ/ ማቆየት። ግጦሽ ወይም ዘመድ ገጠር ውስጥ ያለው ሰው ይህ በር ተከፍቶለታል። በፎገራ ሜዳ የሩዝ ጭድ ሞልቷል፤ በፋርጣም ገደላ ገደሉ ሣር አያጣም። ፈረሱን ከጋሪ አውርዶ ቀላል ሥራ ማሠራት፣ ወይም ያለ ሥራ ማኖር ሰደቃ ነው። ለተጠማ ውሻ ውሃ ያጠጣ ሰው ወንጀሉ እንደተማረለት የምናውቅ ሕዝብ፣ ይህን ማባከን ነው ልንለው አንችልም።

2ኛ/ ለሌላ ማስተላለፍ። ይህም የተፈቀደ ነው፤ ነገር ግን ሁለት ቀይ መስመሮች አሉት። አንደኛው ነውርን መደበቅ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው እርጥበት ሲያገኙ፣ ነጋዴው እርጥቡን ከላይ እንዲያሳይ ነግረው፣ የሚያጭበረብር ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነ አሳውቀዋል። የሚራገጥን ፈረስ ለዕለቱ አስክኖ ገበያ ማውጣት ያው እርጥብ እህል ነው። ነገ የገዢው ልጅ ቢረገጥ በማን ትከሻ ላይ ነው? ሁለተኛው መስመር በሽታ ነው። በወይና ደጋ ከተሞቻችን የጋሪ ፈረሶችን የሚያጠቃ፣ በእግርና በደረት ላይ በሰንሰለት እየተያያዘ የሚፈነዳ የቁስል በሽታ አለ። የሚያመጣው ሻጋታ መሰል ተሐዋሲ ሲሆን በዝንብ፣ በቁስልና በጋራ መጣመጃ ይተላለፋል። ሥር ከሰደደ በኋላ በእኛ አቅም የሚያድነው መድኃኒት አይገኝም። እንዲህ ያለውን ፈረስ መሸጥ በሽታውን ለሌላው ባለ ጋሪ መሸጥ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የታመመ ከብት ባለቤት ጤነኛ ወዳለበት እንዳያመጣ ከልክለዋል፤ ሐዲሱን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል።

3ኛ/ መገላገል። እግሩ የተሰበረ፣ መነሳት ያቃተው፣ ተስፋ የሌለው በሽታ የያዘው ፈረስ ምን ይደረግ? እዚህ ላይ ጉዳዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የፈረስ ሥጋ በሻፊዒና በሐንበሊ መዝሀብ ሀላል ነው። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዘመን መዲና ላይ ፈረስ አርደው እንደበሉ አስማእ ቢንት አቡ በክር (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል። ኢማም አቡ ሐኒፋ ጠልተውታል፤ ሁለቱ ደቀ መዛሙርቶቻቸው አቡ ዩሱፍና ሙሐመድ ፈቅደዋል፤ በማሊኪዎች ዘንድ የታወቀው ደግሞ ክልከላ ነው። በሀገራችን ልማድ ፈረስ አይበላም። ቢሆንም ሀላል ነው በሚሉት ዑለማዎች ዘንድ ማረዱ በራሱ የተፈቀደ ስለሆነ፣ የሚሠቃይን ፈረስ በሥርዓቱ ማረድ በሩ ሰፊ ነው። አህያና በቅሎ ግን ከኸይበር ዘመቻ ወዲህ ሥጋቸው የተከለከለ በመሆኑ ጉዳዩ ይጠብባል። የሻፊዒ መጻሕፍት የማይበላን እንስሳ ለመገላገል እንኳ ማረድን ይከለክላሉ። በቅርብ ዘመን ከነበሩት እንደ ሸይኽ ኢብኑ ዑሠይሚን ያሉ ዑለማዎች ደግሞ መዳኛ የሌለውንና ሥቃይ ብቻ የቀረለትን መገላገል ፈቅደዋል። እያንዳንዱ ሰው በአካባቢው ያሉ ዑለማዎችን ይጠይቅ።

ከተወሰነ አፈጻጸሙ ያማረ ይሁን። በእርድ ጊዜ እንኳ ኢሕሳን እንዲኖር፣ ቢላው እንዲሳል፣ እንስሳው እንዲያርፍ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ማዘዛቸውን ሙስሊም ዘግበዋል። በሐኪም መርፌ የሚፈጸም ከሆነ፣ መድኃኒቱ ሥጋው ውስጥ ስለሚቀር ሬሳው ለውሻና ለአሞራ ሳይጣል በጥልቅ ይቀበር። በመጥረቢያ መምታት፣ ከገደል መግፋት፣ አስሮ ማስራብ መገላገል አይባልም።

አንድ ነገር ግን እናስምርበት። ሦስተኛው በር ለፈረሱ ዕረፍት እንጂ ለኛ ዕረፍት የተከፈተ አይደለም። ሊድን የሚችልን፣ ሊቀመጥ የሚችልን ፈረስ «ሰለቸኝ» ብሎ ማጥፋት ከላይ ከተጠቀሰው የሃያ ዓመቱ ግመል ትምህርት ጋር ይጋጫል። መለኪያው የፈረሱ ሥቃይ ነው፤ የኛ ምቾት አይደለም።

ከነዚህ ሦስት በሮች ውጪ ያለው ጎዳና ላይ መልቀቅ ነው። እርሱ በር ሳይሆን ገደል ነው። ድመት አስራ ሳትመግብ፣ ራሷም እንዳትፈልግ ሳትለቃት ስለገደለቻት ሴት ሁላችንም ሰምተናል። «እኔ እኮ ለቀቅኩት፣ አላሰርኩትም» የሚል ሊኖር ይችላል። ለድመት መለቀቅ ነፃነት ነው፤ አድና ትበላለች። ዕድሜውን ሁሉ በሰው እጅ የበላ፣ ጥርስ የሌለው፣ አንካሳ ፈረስ አስፋልት ላይ ሲለቀቅ ግን ምን ያድናል? ገመዱ ተፈታ እንጂ እስራቱ አልተፈታም።

እንዲህ የተጣለን እንስሳ አንስቶ ለሚያድን ሰውም ብሥራት አለው። ባለቤቶቹ መቀለብ አቅቷቸው የተዉትን እንስሳ ወስዶ ሕይወት የዘራበት ሰው ባለቤቱ እንደሚሆን አቡ ዳውድ ዘግበዋል፤ ሐንበሊዎችም ይዘውታል።

«ስንት የሰው ችግር እያለ?»

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ባለ ጋሪው ጨካኝ ስለሆነ ብቻ አይደለም ፈረሱን የሚጥለው። ልጆቹና ፈረሱ ከአንድ ማሰሮ የሚበሉ ድሃ ነው። ባጃጅ ገበያውን ወስዶበታል፤ የፉሩሽካ ዋጋ ንሯል። እርሱን ብቻ ኮንነን ብንቀመጥ፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚመታው ሰው መሆናችን ነው። በዚያ ፈረስ ጀርባ የተጠቀምነው እኛ የከተማ ሰዎች ነን። አምስትና ስድስት ሆነን ጋሪ ላይ የወጣነው፣ አንድ ኩንታል «ጨምርበት» ያልነው፣ «ቶሎ በለው» እያልን አለንጋውን ያስነሳነው እኛ ነን። ገበያ የገባው ጤፍ፣ ቤታችን የተሠራበት አሸዋ በእርሱ ጉልበት መጥቷል። ስለዚህ የሰው ችግርና የፈረስ ችግር ሁለት አይደሉም። ድሃውን ባለ ጋሪ የረዳ ፈረሱን ረድቷል፤ ፈረሱን የረዳ የድሃውን አማና አቅልሏል።

ቀደምት ሙስሊሞች ይህን ገብቷቸው ነበር። የሶሪያው ዓሊም ሙስጠፋ አስ-ሲባዒ ስለ ኢስላማዊ ሥልጣኔ በጻፉት መጽሐፍ እንደሚነግሩን፣ ደማስቆ ውስጥ አረንጓዴው መስክ የሚባል ሰፊ ግጦሽ ባለቤቶቻቸው ለተዉዋቸው ያረጁ ፈረሶች ወቅፍ ተደርጎ ነበር። እስኪሞቱ ድረስ እዚያ ይግጡ ነበር። ፈረሶቹ ምንም አያመጡም፤ ወቅፉን ያደረገው ሰው ግን አጅሩን ከአላህ ይጠብቅ ነበር።

በሀገራችንም ሕሊና የለም ማለት አይደለም። በ2017 እ.ኤ.አ. በቢሾፍቱ የተከፈተው የአህያ ቄራ ሕዝብ በመቃወሙ ተዘግቶ ነበር። በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች በዚሁ በአዲስ አበባ ተሰብስበው አህያን ለቆዳው ሲሉ ማረድን በአህጉሩ ለማገድ ተስማምተዋል። አህያን ለሌላ አገር ቄራ አንሰጥም ያለ ሕዝብ፣ ፈረሱን ለጅብ አልሰጥም ለማለት ምን ይከለክለዋል?

ስለዚህ በደብረ ታቦር፣ በወረታ፣ በአዲስ ዘመን፣ በሌሎችም ከተሞች ያሉ ጀመዓዎች ቢያንስ የሚከተለውን ማድረግ ይችላሉ። መስጊድ የሚመጡ ባለ ጋሪዎችን ሰብስቦ ይህን ትምህርት ማስተማር፤ በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ የእንስሳት ሐኪም ጠርቶ የጥርስና የቁስል ሕክምና በሰደቃ ማሠራት፤ ከተቻለ ደግሞ ከከተማ ወጣ ብሎ ግጦሽ ያለው ጥቂት መሬት ለያረጁ ጋማ ከብቶች መያዝ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ባለሙያዎች ቅርብ ናቸው። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም በዚህ ጉዳይ ከኛ ጋር አይጣሉም፤ ፈረሱ የጋራ ነው። በበኩላችን እያንዳንዳችን ሦስት ሰው ተጭኖበት ካየነው ጋሪ ላይ አራተኛ ሆነን ባንወጣ፣ ሕመምተኛ ፈረስ የሚነዳውን ወንድም ሳንሳደብ ብንመክረው፣ ለአንድ ሳምንት ዕረፍት የሚሆን ቀለብ ብንሰጠው ይቻለናል።

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይባላል። እውነት ነው፤ ፈረሱ የድርሻውን አድርሶናል። ወፍጮ ቤት አድርሶናል፣ ገበያ አድርሶናል፣ ልጆቻችንን ለወግ አድርሷል። የቀረው የኛ ድርሻ ነው። በቂያማ ቀን ስለ ሰው ሐቅ ብቻ ሳይሆን፣ መናገር ስላልቻለው ፍጡር ሐቅም እንጠየቃለን። ዛሬ አፍ የሌለው ያን ጊዜ ምስክር ይሆናል።

አላህ (ሱ.ወ) ለፍጡራኑ ከሚያዝኑት፣ አማናቸውን ከሚጠብቁት ባሮቹ ያድርገን። አሚን!

ወላሁ አዕለም።